የቦቃ ቆዳ

ያን ቀን በኦቦ ጉዲሳ በረት ደጃፍ የነበርነው እነዚህ ነን። ኦቦ ጉዲሳ ራሳቸው፣ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ የመኖ ነጋዴው ጋሽ ከድር፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ከወረዳ የተላከው ወጣት የእንስሳት ሐኪም፣ እኔ እታገኘሁ። በረቱ ውስጥ የኦቦ ጉዲሳ ላሞች ነበሩ፤ ስንት እንደነበሩ አልጽፍም፣ የሰው ከብት አይቆጠርም። ከነሱ ጋር ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦቃ የምንላት ላም ታስራ ነበር። ያልነበረችው የቦቃ ባለቤት ሙሉነሽ ናት።

የነበረውን ሰው ሁሉ ያስቀደምኩት ስለዚያ ቀን የሚወራው ሌላ ስለሆነ ነው። ኦቦ ጉዲሳ በሰው ላም የመንግሥት ገንዘብ በሉ ይባላል። አልበሉም። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል ለመጻፍ ጊዜ አገኘሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እጄ ቀስ ይላል እንጂ መጻፍ አያቅተኝም። የእሳቸውን ነገር ለመናገር ግን ከሥራዬ መጀመር አለብኝ፤ እኔና ኦቦ ጉዲሳን ያገናኘን ወተት ነው።

ሥራ የጀመርኩት ቡራዩ፣ አንድ የወተት ማሰባሰቢያ ጣቢያ ውስጥ ቢዶን አጣቢ ሆኜ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም። ለጎረቤት ትቻት እየመጣሁ፣ ጠዋት ገበሬው ወተቱን ይዞ ሲደርስና ክዳኑ ሲከፈት የእኔም ጡት ይፈስ ነበር። ሻርፕ ደርቤ እሸፍነው ነበር። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስለ ልጄ አስባለሁ፤ እሳት ዳር ደርሳ ይሆን፣ ትን ብሏት ይሆን እያልኩ። እንዲህ ያለ ልብ ነው እግዜር የሰጠኝ፣ እስከ ዛሬም አልተወኝም።

ኦቦ ጉዲሳ የጣቢያው ወተት ተቀባይ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ቢዶኑን በፈላ ውኃ ሳጥብ አይተው መጡና ውኃውን ከእጄ ወሰዱት።

«ኢንታላ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ» አሉኝ። ኢንታላ በኦሮምኛ ልጄ፣ ልጅት እንደማለት ነው፤ እስከ መጨረሻው እንዲያ ነው የጠሩኝ። «ፍል ውኃ ካስቀደምሽ ወተቱ ብረቱ ላይ ይበስላል። ያልታየሽ ቆሻሻ ነገ የሰው ወተት ያበላሻል። ከዚያ እኔ ያላጠፋ ገበሬ እመልሳለሁ።»

ቀስ በቀስ ከአጣቢነት ወደ ርክክቡ አስጠጉኝ። መለኪያዋን ወተቱ ውስጥ ጥሎ ማንበብ ማንም ይለምደዋል፤ ውኃ የገባበት ወተት ውስጥ መለኪያዋ ጠለቅ ትላለች። አልኮሉም ቀላል ነው፤ ወተትና አልኮል እኩል በትንሽ ኩባያ አድርገሽ ስታዞሪው ቅንጣት ቅንጣት ከሠራ ወተቱ መቋጠር ጀምሯል፣ ወይም ላሟ ገና ወልዳ እንገር አለበት ማለት ነው። ከባዱ ማሽተቱ ነው። ኦቦ ጉዲሳ ክዳኑን በጣት ስፋት ብቻ ከፍተው አፍንጫቸውን ያስጠጋሉ፣ መልሰው ይከድናሉ፣ ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዙረው ይተነፍሳሉ፣ ከዚያ እንደገና ይከፍታሉ። ቁርስ የሚበሉት ከርክክብ በኋላ ነው። ጠዋት ሽንኩርት አይነኩም፣ ሽታ ያለው ሳሙና አይታጠቡም። ላሟ ፋጉሎ በዝቶባት እንደሆነ፣ የቢራ አተላ ጠጥታ እንደሆነ፣ ዕቃው ወይራ በዝቶ ታጥኖ እንደሆነ ይነግሩሻል። አንድ ገበሬ «እኚህ ሰውዬ ላሜ ትናንት ያሰበችውን ሁሉ ያሸታሉ» ብሎ ሰልፉን አሥቆ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ወተት የሚመልሱበትን መንገድ ነው። ሰልፍ ላይ ጎረቤት አለ፣ አማት አለች፣ የተጣላ ሰው አለ። ኦቦ ጉዲሳ «ተበላሽቷል» ብለው አያውቁም። ክዳኑን ይከድኑና ወደ ባለቤቱ ጠጋ ብለው «ዛሬ ለቤት ይሁን» ይላሉ። ሰውየው ይገባዋል። የገዛ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ አንድ ቀን ገና ከወለደች ላም አልበው ቢመጡ፣ ኩባያውን አዙረው አዩና «ለቤት ይሁን» አሏቸው፣ እንደ ማንኛውም ሰው። አዴ ጫልቱ «ቤትህማ ትመጣ የለ» ብለው ቢዶናቸውን አንጠልጥለው ሄዱ። በሳቅ ሞትን።

በኋላ እሳቸው ወደ ትውልድ ቦታቸው ወደ ሱሉልታ ጣቢያ ሲዛወሩ እኔም ተከተልኩ። ከዚያ ለጥቂት ዓመት ሰበታ ተመደብኩ። የሰበታው አለቃ ደግሞ ወተቱን ከቢሮ ሳይወጣ የሚቀበል ሰው ነበር፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። ደመወዙም ያው ነው። ሰበታ የሰጠችኝ ሙሉነሽን ነው።

ሙሉነሽ የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ትኖር ነበር። አበባ እርሻ ትሠራለች። ጣቶቿ በጽጌረዳ እሾህ የተጫጫሩ ናቸው፤ ስትሥቅ አፏን በእጇ ትይዛለች። ዘመድ የሚባል እዚህ የላትም። ብዙ ጊዜ «እትዬ፣ ቤት አይኖረኝም፣ ላም ግን ይኖረኛል» ትለኝ ነበር። እውነትም በብዙ ልፋት አንዲት ጊደር ገዛች። ጊደሯን ማሰሪያ ግን የላትም፤ ያላት አንድ ክፍል ነው። በዚያን ጊዜ ኦቦ ጉዲሳ ጡረታ ወጥተው ሱሉልታ ከብት ያረቡ ስለነበር እኔ አገናኘኋቸው። ጊደሯን በርቢ ያዙላት።

ርቢ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ላሟ የባለቤቷ ናት። የሚያበላት ሰው ወተቷን ይጠጣል፣ ይሸጣል። ጥጃው ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ለባለቤት፣ አንዱ ለአርቢ። ብትሞት ቆዳዋ ለባለቤቷ ይታያል፤ ሞተች ብሎ የሸጠ እንዳይሆን። ወረቀት የለውም፣ ምስክር ነው። ምስክሮቹ እኔና ጋሽ ከድር ነበርን። አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የርቢ ከብት ይዞ በሰው ፊት «የኔ ናት» ያለ ሰው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ከብት አይሰጠውም፣ ለልጆቹም አይሰጣቸውም።

ገመዱን ስታስረክብ ጋሽ ከድር «የሰበታ ልጅ፣ ይቺ እኮ ጽጌረዳ አትበላም» አላት።

«እሱስ እኔንም ሰልችቶኛል ጋሽ ከድር፤ አይበላ አይጠጣ» አለችና አፏን ያዘች።

ቦቃ መጀመሪያ ወንድ ጥጃ ወለደች። እንደ ስምምነቱ የኦቦ ጉዲሳ ሆነ። ሁለተኛው የሙሉነሽ ነበር። ያን ተራ ትጠብቅ ነበር። እኔም በዚያ መሃል ወደ ሱሉልታ ተመልሼ በኦቦ ጉዲሳ ቦታ ወተት ተቀባይ ሆኜ ነበር።

ኮሮና የመጣው ሁዳዴ ጾም ላይ ነው። በጾም ወተት ድሮም ገዢው ይቀንሳል፤ ያኔ ግን ሆቴሉም ተዘጋ፣ ካፌውም ተዘጋ። እኔ ከሥራ ስመለስ ልብሴን በር ላይ አውልቄ፣ እጄ እስኪላጥ ታጥቤ፣ ልጆቼን ሳልስም ጥግ ላይ እቀመጥ ነበር። ወተት የሚጭነው መኪና አንድ ቀን ይመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀራል። ደህና ወተት ስደፋ ያ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ቦዩ ነጭ ሆኖ ይፈሳል፣ ውሻ እንኳ ጠግቦ ይተወዋል።

አንድ ጠዋት ኦቦ ጉዲሳ ቢዶናቸውን ይዘው መጡ። ማቀዝቀዣው ሞልቷል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ጠጋ ብዬ «ኦቦ፣ ዛሬ ለቤት ይሁን» አልኳቸው።

ደነገጡ። ክዳኑን በጣት ስፋት ከፈቱና አሸተቱ። ወደ ሜዳው ዞረው ተነፈሱ፣ ደግመው አሸተቱ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም ኦቦ። ወተቱ ደህና ነው። የሚወስደው ነው የጠፋው።»

ክዳኑን በጨርቃቸው ጠርገው ከደኑትና ሄዱ። ያስተማሩኝን ቃል ደህና ወተት ላይ ማዋሌ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ወተት ካልተሸጠ መኖ አይገዛም። ፉርሽካ ተወደደ፤ ፋብሪካው ሲቀዘቅዝ አተላውም ቀነሰ። ድርቆሹ ከክረምት በፊት አለቀ። ሰው ላሙን ለሥጋ ልሽጥ ቢል ሥጋ ቤቱም ሰው የለውም። ሙሉነሽም አበባው አየር ላይ የሚጭነው አጥቶ እርሻው ሠራተኛ ሲቀንስ ከሥራ ወጣች። ስትደውልልኝ ስለራሷ ብዙ አትልም፤ «ቦቃ ከብዳለች አይደል እትዬ? በደንብ ትበላለች?» ነው የምትለኝ። ቀሪ ነገሯ ያቺ ላም ነበረች።

እንዲህ እያለን ለወተት ከብት አርቢዎች ከመንግሥት የድጋፍ ገንዘብ ይሰጣል ተባለ። ለመኖ መግዣ ነው፤ በላም ቁጥር ይከፈላል፤ በረት ለበረት እየታየ ነው። እኔ የተጠራሁት ለጣቢያው ወተት የሚያስረክበውን ሰው ስለማውቅ ነው፤ ጋሽ ከድር መኖ ሻጭ ስለሆነ። ሙሉነሽ በዋዜማው ነግሬያት «በጠዋት እነሣለሁ» ብላ ነበር።

ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው። «አከም ጂርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ጭምብሉን አስተካክሎ ራቅ ብሎ ቆመ። የኦቦ ጉዲሳን ላሞች አንድ በአንድ አየ። አዴ ጫልቱ ላሞቹ ሲቆጠሩ ላለማየት ፊታቸውን አዙረው ነበር። ከዚያ ቦቃ ጋር ደረሰ።

«ይህችኛዋስ?»

«ይቺ ባለቤት አላት» አሉ ኦቦ ጉዲሳ። «ሙሉነሽ ትባላለች። ከሰበታ እየመጣች ነው።»

«የርቢ ናት» አለ ጋሽ ከድር።

ልጁ ጭንቅላቱን አከከ። «ለርቢ የተባለ ነገር የለም። የሚከፈለው ለባለቤት ነው፤ ባለቤቱም የዚህ ነዋሪ መሆን አለበት። የሰበታ መታወቂያ ይዛ ብትመጣም አልችልም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባባ፣ የሚያበሏት እርስዎ ነዎት። በረቱም የእርስዎ ነው። የኔ ናት ይበሉኝና ልለፍ። ለእርስዎ ብዬ ነው።»

«ማንም አይጠይቅዎትም እኮ፣ እኔ አለሁ» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ጄዲ!» አሉ አዴ ጫልቱ፤ በል ማለታቸው ነው።

ጋሽ ከድርም «ኦቦ፣ አንድ ቃል ናት» አለ። «እኔ በቀን ስንት ጊዜ ‹ለወንድሜ ብዬ ነው በዚህ ዋጋ› እላለሁ። በሱሉልታ ወንድሜ ያልሆነ ሰው አልቀረም።»

ማንም አልሣቀም። ኦቦ ጉዲሳ የቦቃን ጀርባ ይዳብሳሉ። ያኔ እኔ «እሷኑ ደውዬ ልጠይቃት» አልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። መኪናና የሰው ጩኸት ይሰማል።

«ሙሉዬ፣ የት ደረስሽ?»

«ቡራዩ ላይ አወረዱን እትዬ! ታክሲው ሰው አበዛህ ተባለ። በእግሬ ልምጣ?»

«አይደርስም። ስሚኝ፣ ኦቦ ጉዲሳ ቦቃን የኔ ናት ካሉ ገንዘቡ ይሰጣል። ለመኖዋ ነው።»

 በቀጭን ድምፅ «የኔን ላም?» አለች። «የኔን ላም እንዴት ነው የሳቸው...»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይነሣም። ባትሪዋ አልቆ ይሆን፣ ሌላ ነገር ሆኖ ይሆን አላውቅም።

ኦቦ ጉዲሳ እጃቸውን ከላሟ ጀርባ አነሡ። «ካን ኮ ሚቲ» አሉ። የኔ አይደለችም። ለሐኪሙም እንዲገባው በአማርኛ ደገሙት። ልጁ ሊቀ መንበሩን አየ፣ አለፈ። ቦቃ ሳትጻፍ ቀረች።

አዴ ጫልቱ ፊታቸውን መለሱ። «እንግዲህ እውነትህን አብላት» አሉና ወደ ቤት ገቡ።

ለራሳቸው ላሞች በተሰጣቸው ገንዘብ ፉርሽካ ገዙ። ገንዳው ውስጥ ሲያደርጉ ለቦቃም እኩል ያደርጋሉ፤ እሷ የሙሉነሽ አደራ ስለሆነች ሊያሳንሱባት አይችሉም። ያነሰው ለሁሉም አነሰ። ወተቱም ነጠፈ። አዴ ጫልቱ ከጎረቤት እየለመኑ ያመጡትን ገለባ ለቦቃ መስጠት ጀመሩ፤ እየተሳደቡ ይሰጧታል። ስታልፍ ወገቧ ከጎድኗ ጋር የተጣበቀ ይመስላል፣ ሆዷ ብቻ ተንጠልጥሏል።

የወለደች ዕለት ጠዋት ልከውብኝ ሄድኩ። ሴት ጥጃ ናት፣ የእናቷን ግንባር ይዛ መጥታለች። ቦቃ ግን አልተነሣችም። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ ተኝታለች። ጆሮዋን ስይዘው ቀዝቅዟል። ያው ሐኪም መጣ። መድኃኒት ነበረው፤ ወጋት፣ አገዝናት፣ በገመድ ደግፈን ልናነሣት ሞከርን። አንዴ በጉልበቷ ቆመች፣ መልሳ ወደቀች። «አባባ፣ ይቺ መኖ ነው ያጣችው» አለና የገዛ ቃሉን ሰማው። ከዚያ ወዲያ ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ምሳ ሳይደርስ ሞተች።

ኦቦ ጉዲሳ ራሳቸው ገፈፏት። ጆሮዋንና ነጩን ግንባሯን ከቆዳው ጋር ሳይለዩ ተዉት፤ ሙሉነሽ ስታየው እንድታውቀው። ጨው አሻሹት። ቆዳ ያን ጊዜ ገዢ ስለሌለው ሰው መንገድ ዳር ይጥለው ነበር። የቦቃ ቆዳ ግን በረቱ ማገር ላይ ተሰቀለ። አዴ ጫልቱ «ሸተተ፣ ዝንብ አመጣብን» ቢሉ፣ «የሚያየው ዓይን እስኪመጣ» ይሏቸዋል።

ለሙሉነሽ ልነግራት ለቀናት ደወልኩ፣ አይሠራም። በመጨረሻ ራሷ ደወለች። ከእኔ ቀድሞ ሌላ ሰው ነግሯታል።

«እትዬ፣ ላሜ ሞተች አሉኝ።»

«ሞተች ሙሉዬ። ሴት ጥጃ ጥላልሻለች። ተራው ያንቺ ነው። ቆዳውም አለ፣ ነይና እይው።»

«ገንዘቡንስ ማን በላው?»

«የምን ገንዘብ? አልተሰጠም እኮ።»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ እትዬ። የኔ ናት ይበሉ ያልሽው አንቺው ነሽ።»

«አላሉም! ስልኩ ከተቋረጠ በኋላ—»

«ላሜን በልተው ቆዳ ያሳዩኛል? የሱሉልታ ላም ሁሉ ቆዳ አለው።» አለቀሰች። ስታለቅስ አፏን ይዛ እንደሆነ ከድምፅዋ አወቅኩ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ሠርቶ አያውቅም።

የመንገዱ ክልከላ ሲላላ ሰበታ ሄድኩ። ክፍሏ ለሌላ ሰው ተከራይቷል። አከራይዋ «ዕቃዋን ሸጣ ወጣች» አለችኝ። ከግቢው ሴቶች አንዷ ዓረብ አገር ሄደች አለችኝ፣ ሌላዋ ገላን መጋዘን ትሠራለች አለች፣ ሌላዋ ዱከም ፋብሪካ። ዱከም ሄጄ ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት በር ላይ ቆምኩ። ሴቶቹ እንደ ጎርፍ ወጡ፣ ሁሉም ጭምብል አድርገዋል። ዓይን ዓይን እያየሁ ቆሜ ማንንም ሳላውቅ ተመለስኩ።

ለኦቦ ጉዲሳ ያለችውን ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ግን ከየትም ሰሙት። ገበያ ላይ ሰው ሲያዩ መንገድ መቀየር ጀመሩ። በሚቀጥለው ዓመት ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋቸው ላይ ሆነው «ኢንታላ፣ ቆዳውን አይጥ እንዳይነካው» አሉኝ። ከዚያ ስለ ጥጃዋ ጠየቁኝ፤ በረቱ ጓሮ ስለሆነ በየቀኑ የሚያዩዋትን ጥጃ። ወተት አሽትቼ እንደምመልስላቸው ሁሉ፣ ደህና ናት አልኳቸው። ብዙም አልቆዩም።

አዴ ጫልቱ ከብቱን ሸጠው ልጃቸው ጋር ሲሄዱ የቦቃን ልጅ ለእኔ አመጡልኝ። «ምስክሩ አንቺ ነሽ» አሉኝ። የታጠፈውን ቆዳ በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው በሌላ እጃቸው ይዘው ነበር። «ሲሞትም ስለሱ ነበር የሚያወራው። የኔን ስም አንዴ አልጠራም፣ ይኼ የማይረባ» አሉና ሣቁ፣ ከዚያ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ጣቢያው አሁን ተለውጧል። ወተት የምትቀበለው ልጅ ጠብታ ማሽኑ ላይ ታደርጋለች፣ ማሽኑ ይናገራል። ፈጣን ነው፣ ደህና ነው። የማይስማማ ሲሆን ማሽኑ ይጮኻል፣ ሰልፉ ሁሉ ይሰማል። የመጨረሻ ቀኔ ላይ አንዲት ሴት ማሽኑ ጮኾባት ቆማ ሳይ፣ ሄጄ በጆሮዋ «ለቤት ይሁን እህቴ» አልኳት። ለማንም አልጠቀመም፤ ሁሉም ሰምቷል።

ጊደሯ ግቢዬ ውስጥ ናት። ልጄ «እማ፣ ይህን ቆዳ ጣይው፣ ቤቱን አሸተተው» ትለኛለች። ሰው ጊደሯ የማን ናት ብሎ ሲጠይቀኝ የሙሉነሽ ናት እላለሁ። ዘንድሮ ወለደች። እንገሩን ለቤት አደረግኩ። የተወለደው ወንድ ጥጃ፣ ከቦቃ ጀምሮ ሲቆጠር ተራው የኦቦ ጉዲሳ ቤት ነው፤ ግን ባለቤቷ ሳትሰማ ተራ አይለይም። አዴ ጫልቱም እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ ይህን የሚያነብ ሰው፣ ሙሉነሽ የምትባል፣ ሰበታ አበባ እርሻ ትሠራ የነበረች፣ ጣቶቿ በእሾህ የተጫጫሩ፣ ስትሥቅ አፏን በእጇ የምትይዝ ሴት የት እንዳለች ካወቀ እባክዎን ይንገሩኝ። ሱሉልታ ወተት ጣቢያው ጋ እታገኘሁ ብለው ቢጠይቁ ያሳዩዎታል። ካገኟት ላሟ እንደወለደች ይንገሯት። ቆዳው ከነግንባሩ አለ፤ መጥታ እንድታየው ነው የምንፈልገው። መምጣት ባትችል እንኳ በሕይወት መኖሯን የሰማ ሰው ካለ፣ ያንኑ ብቻ ይላክልኝ።